ላይ ምን አለ?

ስሙኝማ። ዝናቡ የጀመረው የእህቴ ልጅ ከአውሮፕላን በወረደችበት ሌሊት ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቢጠራቀም 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። እንደኔ ደሴ ላደገ ሰው የአንድ ነሐሴ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ያን ሌሊት ግን አወረደው።

ሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ስጠብቃት፣ ከእሷ የሚተልቅ ሻንጣ ተሸክማ ብቅ አለች። «ጋሼ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሻንጣውን ተቀብዬ ወደ መኪናው ኋላ ሳስገባው ውስጡ ያለው ብረት ተንኳኳ።

«ምን ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

«ገመድና ብረት ነው ጋሼ። ድንጋይ ልወጣ ነው የመጣሁት።»

ይህን እየተነጋገርን የመጀመሪያው ጠብታ የፊት መስታወቱ ላይ ጠብ አለ። ልጅቷ ዝም አለች። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋችና መዳፏ ላይ ያረፈውን ውሃ ስታይ ቆየች።

«አይዞሽ፣ እዚህ አገር ዝናብ አይቆይም። ነገ ፀሐይ ነው» አልኳት።

«ፀሐይ ብትወጣም አንወጣም» አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም።

እኔ በዚህ ከተማ 14 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ብዙ ሐበሻ እዚህ የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ታክሲው፣ ሆቴሉ፣ ካሲኖው፣ ሁሉም የሌሊት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን የተሰባሰቡበትን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞልናል፤ ደስ ብሎን ነበር። ሺፍት ጨርሼ ማለዳ ወደ ቤቴ ስነዳ ፊት ለፊቴ፣ በምዕራብ በኩል፣ ቀይ ተራራ አለ። ከኋላዬ የምትወጣው ፀሐይ ስታርፍበት ፍም ይመስላል። 14 ዓመት ሙሉ አየሁት፤ አንድም ቀን አልሄድኩበትም። ስትሪፕ ከሚሉት የካሲኖ ጎዳና 27 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ከጃፓን፣ ከጀርመን የመጡ ተሳፋሪዎች ትልልቅ ፍራሽ በጀርባቸው አዝለው ታክሲዬ ውስጥ ሲገቡ ግን በረሃ ሊያድሩ ነው ብዬ አስብ ነበር። ፍራሹ ከድንጋይ ላይ ሲወድቁ የሚያርፉበት መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ቦታው ሬድ ሮክ ካንየን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በኔቫዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ የጥበቃ ሥፍራ ተብሎ የተከለለ፣ 80 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ምድር ነው። ያገሬው ባለቤቶች የደቡብ ፓዩት ሕዝቦች ናቸው፤ በዓለቱ ላይ የቀደምት ሰዎች የእጅ መዳፍ በቀይ ቀለም ታትሞ ዛሬም ይታያል። እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስንቱን እንዳላየሁ!

ሐሙስ ጠዋት እንዳልኳት ፀሐይ ወጣች። ሰማዩ ታጥቦ ጠርቷል። ልጅቷ ግን ሻንጣዋን ምንጣፌ ላይ ዘርግፋ ብረቶቿን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ካራቢነሩን አውቀው ነበር፤ የጭነት ማሰሪያ መንጠቆ ዓይነት ነው። አንዱ ዕቃ ግን ገረመኝ። እንደ መጋዝ ጥርስ ያላቸው አራት ግማሽ ክቦች፣ በመካከላቸው ሞላ። ስትስበው ጥርሱ ይጠባል፣ ስትለቀው ይሰፋል። «ካም ይባላል» አለችኝ። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አጥብበው ያስገቡትና ይለቁታል። ሰው ቢወድቅ ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትተው ጥርሱ ይበልጥ ወደ ጎን ተለጥጦ ስንጥቁን ይነክሳል። ሬይ ጃርዲን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው ይህን ይዞ ብቅ ያለው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በመዶሻ ችንካር ይመታ ነበር፣ ድንጋዩም ይቆስል ነበር።

«ታዲያ ፀሐይ ወጣች፣ ዕቃው ሞልቷል፣ ምን እንጠብቃለን?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ አሸዋ ነው።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያ ሁሉ አገር ነፋስ የሚያመላልሰው የአሸዋ ክምር ነበር። ክምሩ ተቀበረ፣ ከላይ ተጫነው፣ ውሃ ያመጣው ማዕድን ቅንጣትን ከቅንጣት አጣበቀ። ቅላቱም የብረት ዝገት ነው። ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ያ ጥንታዊ ነፋስ አሸዋውን ያጋደመበት ሰያፍ መስመር ዛሬም አለ። ከቀዩ በላይ ደግሞ ግራጫ ተራራ ተቀምጧል። እሱ ከባሕር ወለል የተሠራ፣ በዕድሜ 500 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ነው፤ ምድር ስትገፋፋ ሽማግሌው መጥቶ በልጁ ትከሻ ላይ ተቀመጠ። ይህ የሆነው ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው።

የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቅንጣቶቹን የያዘው ማጣበቂያ ይላላል። ፊቱ በአንድ ጠዋት ፀሐይ ይደርቅና ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ያኔ ሰው ቢንጠለጠልበት፣ ጣት የሚያስይዘው ስስ ቅርፊት እንደ ደረቅ ዳቦ ጫፍ ይሰበራል፣ የተተከለው ካምም ድንጋዩን ፈልፍሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ድንጋይ ወጪዎቹ ከዝናብ በኋላ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። ልጅቷ ያላት ጠቅላላ ጊዜ እስከ ሰኞ ነው። ከዴንቨር ለዚህ ብላ የዓመት ፈቃዷን ቆጥባ መጥታለች። እና ቁጭ አለች፤ ቡና አፈላችልኝ።

ቡናው ሲፈላ ደብረ ዳሞን አነሳሁባት።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ዓመት ለአቡነ አረጋዊ በዓል፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ እናቴን፣ እህቴንና እኔን ጭኖ ከደሴ እስከ ትግራይ ወሰደን። እኔ 9 ዓመቴ ነው፣ እህቴ 11። ዳሞ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ዓምባ ነው፤ መውጫው 15 ሜትር ያህል የሚሆን ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። ጻድቁን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው ይተረካል። ለእኛ ግን ዘንዶ አልመጣልንም፤ ሁለተኛ ገመድ ወገቤ ላይ ታሰረ፣ ከላይ አንድ መነኩሴ ሳቡት፣ አባቴ ከታች ሆኖ «ገመዱን ብቻ አትመን! እግርህን እመን!» እያለ ጮኸ። ባዶ እግሬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ወጣሁ።

እናቴና እህቴ ከሥር ቀሩ። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ሴት አትወጣም። እህቴ ግን ዛፍ መውጣት ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ነጠላዋን አገልድማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እኔ ጫፍ እስክደርስ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ስወርድ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ላይ ምን አለ?»

«ሜዳ ነው። ቤተ ክርስቲያን አለ» አልኳት።

ይህን ብቻ ነው ያልኳት። ድንጋይና እንጨት የተነባበረበትን ግድግዳ፣ ጣሪያው ላይ የተቀረጹትን አራዊት፣ ከአለት የተፈለፈሉትን የውሃ ጉድጓዶች ሁሉ አይቼ ነበር። ርቦኝ ነበርና አልነገርኳትም። እህቴ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ስንት ነገር ተጫውተናል፣ ይህን ግን አንስተነው አናውቅም።

«እማዬ ነግራኛለች» አለች ልጅቷ፣ ስኒውን እያቀበለችኝ። «ሜዳ ነው እንዳልካት ነግራኛለች።»

ምን ልበላት? ስኒውን ተቀበልኩ።

ከሻንጣዋ አንድ መጽሐፍ አወጣች። ሜይካ በርሃርት የምትባል አሜሪካዊት ድንጋይ ወጪ ከሌሎች ሴቶች ጋር የትግራይን የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች በገመድ ወጥታ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ቅላት ሳይ ከመስኮቴ ውጭ ካለው ተራራ ለመለየት ተቸገርኩ። ልጅቷ ይህን መጽሐፍ ካየች ወዲህ ነው ወደ አሸዋ ድንጋይ ልቧ የሸፈተው።

ዓርብ ሄድን። ካሊኮ ቤዚን በሚባለው በኩል፣ ክራፍት ከተባለው ተራራ ተንከባለው የወረዱ ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ያለ ገመድ የሚወጣባቸው እነዚህ ናቸው፤ ቦልደሪንግ የሚሉት። ልጅቷ ወደ ድንጋዩ ከመቅረቧ በፊት ጎንበስ ብላ ጣቶቿን እስከ አንጓዋ አሸዋው ውስጥ ከተተች። ላዩ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያወጣችው ግን ጠቁሮ እጇ ላይ ተጣበቀ።

«እርጥብ ነው» አለችና እጇን አራገፈች።

እኔ አልቻልኩም፣ ተናደድኩ። «ልጄ፣ ትኬት ከፍለሻል፣ ፈቃድ ወስደሻል። ድንጋዩ ይኸው ደርቋል። እዚህ ዘበኛ የለ፣ ማን ያይሻል?»

«ጋሼ፣ አንድ መያዣ ከተሰበረ አይበቅልም እኮ» አለችኝ።

እዚያው ሳለን ሁለት ጎረምሶች ፍራሻቸውን ዘርግተው ጫማቸውን ያጠልቃሉ። ፀጉሯ የሸበተ አንዲት የሰፈሩ ሴት ውሻዋን እየሳበች መጣችና ቀስ ብላ አነጋገረቻቸው። ቁጣ የለ፣ ጣት መቀሰር የለ። እሷም አሸዋውን በጫማዋ ጫፍ ጫር አድርጋ አሳየቻቸው። ልጆቹ ተያዩ፤ ከዚያ ጫማቸውን ፈትተው ፍራሻቸውን አጠፉ። ከካናዳ መምጣታቸውን በኋላ ሰማሁ። ምንም ሕግ የሚቀጣው፣ ምንም አጥር የሚከለክለው ሳይኖር፣ ከዚያን ያህል አገር የመጣ ሰው በአንድ ጭብጥ አሸዋ ፊት ተመልሶ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። 14 ዓመት በኖርኩባት ከተማ ሰው ሁሉ ዕድሉን ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ሊሞክር ነው የሚመጣው። እነዚህን ሰዎች የት ደብቃቸው ነበር?

ቅዳሜ ከሰዓት አሸዋው ጣቷ ላይ ሳይጣበቅ ፈሰሰ። ሳቀች። ሜዳው በሰው ተሞላ፤ ሁለት ቀን የታገደ ሕዝብ ነው። ከወገቡ በተንጠለጠለ ከረጢት ነጭ ዱቄት ይዟል፤ ላብ የሚያደርቅ ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፤ ጆን ጊል የሚባል የጂምናስቲክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ድንጋይ ያመጣው። የእህቴ ልጅ ፐርል በሚባል ድንጋይ ላይ ተያያዘችው። ደረጃው ቪ5 ነው ይላሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እየከበደ ይሄዳል። ወጣች፣ ወደቀች። ወጣች፣ ወደቀች። የማያውቋት ሰዎች ፍራሻቸውን ከፍራሿ አጠገብ ገጥመው፣ ከሥሯ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ሊይዟት አይደለም፣ ጭንቅላቷ በድንጋይ እንዳይመታ ወደ ፍራሹ ሊመልሷት ነው። አንዱ ዞር ብሎ አየኝና እኔም እጄን እንድዘረጋ ምልክት ሰጠኝ። ዘረጋሁ። አንዴ ስትወድቅ ጀርባዋ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ልቧ ሲመታ ተሰማኝ።

አስራ አንድ ጊዜ ወደቀች፤ አልወጣችውም። ከመሄዷ በፊት የጥርስ ብሩሽ አውጥታ የነካቻቸውን መያዣዎች ሁሉ ፈግፍጋ ዱቄቷን ጠረገች።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ወደ ሸለቆው የሚያስገባው 21 ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ለሚገባ ሰው ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ግድ ነው። እኛ 12 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ገባን። ማታ በሩ ሲዘጋ ግድግዳ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የማምሸት ፈቃድ አለ፤ እሱንም አውጥታለች። የገመድ ጓደኛዋ እዚሁ ከተማ ያለች የሌሊት ነርስ ናት፤ ከሥራ ወጥታ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ለሁለቱም ከትንሿ ኢትዮጵያ የገዛሁትን ቆሎ በኪሳቸው ሞላሁላቸው።

ፓይን ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ይዘን አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ከፊታችን፣ ወንዙ ለሁለት በሚከፈልበት መካከል፣ ጫፉ የቀላ ማማ ቆሟል። ሜስካሊቶ ነው ስሙ። የሚወጡበት መንገድ ኮፍያ ያደረገው ድመት በሚለው የልጆች መጽሐፍ ስም ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዷ ጆአን ኡሪዮስቴ ናት። ይህች ሴት ከባሏ ከሆርሄ ጋር፣ ቦሊቪያ የተወለደ የዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ መምህር ነበር፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ስንቱን ግድግዳ ከፍታለች። ከጆ ኸርብስት ጋር ሆነው በ1978 የወጡት ኤፒነፍሪን የሚባለው መንገድ 600 ሜትር ይሆናል። የቦታውን መምሪያ መጽሐፍም በ1984 የጻፈችው እሷ ናት። የእህቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ ጫማዋን እያጠበቀች ነበር፤ ድምፅዋ ስለ ዘመድ የምታወራ ይመስላል።

የግድግዳው ቅላት ላይ እንደ ጥቁር ሰም የፈሰሰ ነገር አለ። ብረትና ማንጋኒዝ ከሸክላ አቧራ ጋር በሺህ ዓመታት የለበጠው ቆዳ ነው፤ የበረሃ ቫርኒሽ ይሉታል። ከቀዩ ይልቅ እሱ ይጠነክራል፣ ለእጅም ይመቻል። «ጥቁሩን ተከትዬ ነው የምሄደው» አለችኝና ገመዱን ወገቧ ላይ ቋጠረች። ቋጠሮውን ጓደኛዋ በእጇ ነክታ አረጋገጠች፤ እሷም የጓደኛዋን። ከዚያ ወጣች።

ከሥር መቆም ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አንገት ወደ ኋላ ተጥሎ ይደነዝዛል። ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል፤ የራስ ቁሯ ብቻ ይቀራል፤ ቀጥሎ እሱም ከዓለቱ ጀርባ ይሰወራል። የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። አምስት ስድስት የገመድ ርዝመት በሚፈጀው መንገድ ላይ፣ አንዲቱ ስትቆም ሌላዋ ስትነሳ፣ የተጠራሩበትን ሁሉ ቆጠርኩ። መካከል ላይ ነርሷ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ መሰለኝ፣ የእህቴ ልጅ ከላይ ሆና በእንግሊዝኛ ስትጮህላት ሰማሁ። ያለቻት አባቴ ዳሞ ሥር ሆኖ ያለኝን ነበር። እግርሽን እመኚ።

አባቴን ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ እዚያ በረሃ ውስጥ አለቀስኩለት።

ሲወርዱ አመሹ። በገመዱ ላይ ተንጠልጥለው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ይወርዳሉ፤ በእያንዳንዱ ማረፊያ ገመዱን ከላይ ስበው ማውረድ አለባቸው። ሁለተኛው ላይ ገመዱ ስንጥቅ ውስጥ ተቀርቅሮ እምቢ አለ። ፀሐይዋ ከግራጫው ተራራ ጀርባ ገባች፤ ሸለቆው ባንዴ ቀዘቀዘ። ሁለት ትናንሽ መብራቶች ግድግዳው ላይ በሩ። ገመዱን ወደ ግራ ሲያወዛውዙት፣ ወደ ቀኝ ሲያወዛውዙት፣ እኔ ከታች እንደ ሞኝ አብሬ እጄን አወዛውዛለሁ። አንድ ሩብ ሰዓት ይሆናል። በመጨረሻ ገመዱ ፏ ብሎ ሲወርድ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም።

መሬት ስትደርስ ጉልበቷ አቧራ፣ ጣቶቿ ነጭ፣ ጥርሷ ብቻ ይታያል። አቀፍኳት። አስቤውም አይደለም፣ ወጣብኝ፤ «ላይ ምን አለ?» አልኳት።

«ሌላ ግድግዳ» አለች። እውነቷን ነው፤ መንገዱ የሚያልቀው ከማማው ጫፍ በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ሜስካሊቶ ገና ብዙ ይቀረዋል።

መኪናው ውስጥ ገብተን ስንነሳ የላስ ቬጋስ መብራት ከሩቅ ሜዳውን ሞልቶታል። ነርሷ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዷታል። ስልኩ ጮኸ፤ ዴንቨር ነው። ልጅቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ መካከላችን አስቀመጠችው።

እህቴ ደኅንነቷን ጠየቀች፣ መብላቷን ጠየቀች፣ ብርዱን ጠየቀች። ቀጥላ ዝም አለች። እኔ ምን ልትጠይቅ እንደሆነ ስላወቅሁ መኪናውን ወደ ጥግ አውጥቼ አቆምኩ።

«እሺ፣ ላይ ምን አለ?» አለች እህቴ።

«እማዬ፣ ቆይ» አለቻት ልጅቷ። ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ተመቻቸች። «ከሥሩ ልጀምርልሽ።»